ለአፍንጫም ዋስ ይጠራል

የመንግሥት ሥራ የያዘ ሰው ሁሉ የተቀጠረበትን ሰሞን አይረሳውም። የትምህርት ማስረጃ አምጣ፣ የሥራ ልምድ አሳይ፣ ዋስ ጥራ እየተባለ ካንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲመላለስ የጫማው ሶል ያልቃል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምንድን ነው ቢባል፣ መዝገብ ቤት ተቀምጦ ደብዳቤ ለሚመዘግብ ሰው ነው። ደብዳቤ ቢሳሳት ተሰርዞ ይጻፋል። ፊት ቢበላሽስ?

ይህን ነገር ያነሣሁት ያለምክንያት አይደለም። በአሜሪካን አገር በቨርጂኒያ የምትኖር የእኅቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን ደወለችልኝና፣ «ጋሼ፣ አፍንጫዬን ላስተካክል ነው» አለችኝ።

«ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነም፤ አልወደድኩትም።»

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው ተረት ከአፌ ደርሶ ነበር፤ ዳሩ ግን አፍንጫው የእርሷ፣ ገንዘቡም የእርሷ ነውና ዋጥሁት። «ሐኪሙን በምን አወቅሽው?» ብዬ ብቻ ጠየቅኋት። ፎቶግራፎቹን በስልኳ እንዳየች፣ ዋጋው ረከስ እንደሚል፣ የሚያመሰግነውም ሰው ብዙ እንደ ሆነ ነገረችኝ። «ደግሞም ፈቃድ ያለው ዶክተር ነው» ስትል ጨመረች።

ያን ጊዜ የነገርኳትን ታሪክ ለእናንተም ልንገራችሁ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1923 ዝነኛዋ የአሜሪካ የቴያትር ተዋናይት ፋኒ ብራይስ አፍንጫዋን በኦፐራሲዮን አስተካከለች። ጋዜጦች ወሬውን ተቀባበሉት፤ ኦፐራሲዮኑን ያደረገው ሄንሪ ሺረሰንም አብሯት ዝነኛ ሆነ። ፈቃድ ነበረው፤ ስምም ነበረው። በ1928 በቺካጎ ከተማ አንዲት ወጣት እግሮቿ እንደ ደጋን የጎበጡ ስለ ነበሩ እንዲያቃናላት ወደ እርሱ ሄደች። ከኦፐራሲዮኑ በኋላ የእግሮቿ ሥጋ እየሞተ ሄደና ነፍሷን ለማትረፍ ሁለቱም ተቆረጡ። በእግሯ የገባችው ልጅ ያለ እግር ወጣች። ሰውየው ግን በሌላ ግዛት ሥራውን ቀጠለ፤ ፔንሲልቫኒያ ፈቃዱን የነጠቀችው በ1944 ነው።

እንዲህ ያለውን ጉድ ያዩ የሙያው ሰዎች በ1937 የአሜሪካን የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ቦርድ አቋቋሙ። ፕላስቲክ የተባለው ላስቲክ ስለሚገባበት አይደለም፤ ቃሉ የግሪክ ሲሆን መቅረጽ ማለት ነው። ቦርዱ በዚህ ሙያ ለዓመታት የሠለጠነውን ሐኪም ፈትኖ ይመሰክርለታል። ይሁን እንጂ ዛሬም ቢሆን በአሜሪካ የሕክምና ፈቃድ አንድን ሐኪም ለአንድ ዓይነት ሙያ ብቻ አያስረውም። ስለዚህ «ፈቃድ አለው» ማለት ሐኪም ነው ማለት እንጂ ይህን ሥራ ተምሮታል ማለት አይደለም። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እንግዲህ በቨርጂኒያም ሆነ በኢስታንቡል ወይም በአዲስ አበባ፣ ፊቱን ለቢላዋ የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ ይጠይቅ። ሐኪሙ ከዲግሪው በኋላ የሠለጠነው በምን ሙያ ነው? የመሰከረለትስ ማን ነው? መልሱንም ከሐኪሙ አፍ ብቻ ሳይሆን ፈቃድ ከሚሰጠው መሥሪያ ቤት ይስማ። በአሜሪካ የየግዛቱ የሕክምና ቦርድ ፈቃዱንና የተወሰደበትን ቅጣት ማንም እንዲያየው ያወጣል። ቀጥሎም ይህንኑ ኦፐራሲዮን በሆስፒታል ውስጥ እንዲሠራ ተፈቅዶለታል ወይ ብሎ ይጠይቅ፤ በራሱ ክሊኒክ የሚሠራ ሐኪም ሆስፒታል ያላመነው ሊሆን ይችላልና። ማደንዘዣ የሚሰጠው ማን ነው? ችግር ቢደርስ በሽተኛው ወዴት ይወሰዳል? ፎቶግራፍ ሲያሳዩት ደግሞ ከስንት ጊዜ በኋላ የተነሣ ነው ይበል፤ የአፍንጫ እብጠት ፈጽሞ እስኪጠፋ አንድ ዓመት ያህል ይፈጃልና። በመጨረሻም «ተበላሽቶብህ ያውቃል?» ብሎ ይጠይቅ። «ፈጽሞ» የሚል ሐኪም ካጋጠመው ቆቡን አንሥቶ ይውጣ፤ ሥራ የሚሠራ እጅ አንዳንዴ መሳሳቱ አይቀርምና፣ የሚታመነው የተሳሳተውንና እንዴት እንዳረመው የሚናገረው ነው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ነውር የሚመስለው ወጣት እንዳለ አውቃለሁ። ሐኪም የተከበረ ሰው ነው፤ ፊት ለፊቱ ቆሞ ማስረጃ አምጣ ማለት ድፍረት ይመስላል። ግን ሙያውን በሚገባ የተማረ ሰው ሲጠየቅ አይቆጣም፤ ደስ ይለዋል እንጂ።

የእኅቴ ልጅ በሳምንቱ መልሳ ደወለች። ጠይቃ ኖሯል።

«ጋሼ፣ ሰውየው የሠለጠነው በውስጥ ደዌ ነው» አለችኝ።

አፍንጫ ያለው በውጭ እንደ ሆነ ሁላችንም እናውቃለን። አሁን ሌላ ሐኪም እየጠያየቀች ነው፤ አፍንጫዋም ለጊዜው በቦታው አለ።