ሳያነቡ ማረም፦ የማዋቀሪያ ፋይልን በስክሪፕት ስለ መለወጥ

አንድ የኮምፒውተር አገልግሎት ሲነሣ ከየትኛው ዳታቤዝ ጋር እንደሚገናኝ፣ በየትኛው የሰዓት ክልል እንደሚሠራና ማንን እንደሚያስገባ የሚወሰነው በአብዛኛው ጥቂት መስመሮች ባሏቸው የጽሑፍ ፋይሎች ነው። የማዋቀሪያ ፋይል የሚባሉት እነዚህ ናቸው። አንድን መስመር በአንድ ማሽን ላይ በእጅ መለወጥ ቀላል ነው፤ በሃምሳ ማሽኖች ላይ መለወጥ ግን አሰልቺና ለስሕተት የተጋለጠ በመሆኑ ሥራው ለስክሪፕት ይሰጣል። ስክሪፕቱ ግን እንደ ተራ መሣሪያ ስለሚታይ አሠራሩ ሳይመረመር ሊታለፍ ይችላል። ይህ ልማድ መታረም አለበት። የማዋቀሪያ ፋይልን የሚለውጥ ስክሪፕት አስቀድሞ የፋይሉ አንባቢ ሊሆን ይገባዋል፤ ይህም ሊፈተንና ሊለካ የሚችል መስፈርት እንጂ የጥንቃቄ ምክር ብቻ አይደለም።

የጉዳዩን ክብደት ለመረዳት በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የተገነባውንና በኢትዮጵያም የጤና ተቋማትን መደበኛ ሪፖርት ለመሰብሰብ ሥራ ላይ የዋለውን ዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 መመልከት ይበቃል። የዚህ ሥርዓት ሰርቨር የዳታቤዙን አድራሻ፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል የሚያገኘው ከአንዲት አጭር የማዋቀሪያ ፋይል ነው። ፋይሏ ከተበላሸች ሰርቨሩ ሥራውን አይጀምርም። እንዲህ ያለ ሰርቨር አዲስ አበባ ውስጥ ባለሙያ በሚገኝበት ክፍል ቢቆም ብልሽቱ በሰዓታት ውስጥ ይታረም ይሆናል። በምሥራቅ ጎጃም የእናርጅ እናውጋ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በደብረ ወርቅ ወይም በመሰል የወረዳ ከተማ ቢተከል ግን አንድ የተሳሳተ መስመር ባለሙያ ከሌላ ከተማ እስኪመጣ ድረስ የክትባቱን፣ የወሊዱንና የወባውን መዝገብ ሊያቆም ይችላል። ስክሪፕቱን የሚጽፈውና የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው አንድ ሰው አለመሆናቸው ነገሩን የኃላፊነት ጥያቄ ያደርገዋል።

በልማድ የተያዙት መንገዶች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ፈልጎ መተካት ነው፤ ሴድን በመሰለ መሣሪያ አንድን ቃል የያዘ መስመር ተፈልጎ በሌላ ይተካል። ይህ መንገድ ፊደሉን ያያል እንጂ አገባቡን አያውቅም። የዲ.ኤች.አይ.ኤስ.2 ማዋቀሪያ ፋይል ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በፋይሉ ውስጥ ስማቸው «ፓስወርድ» በሚለው ቃል የሚያልቅ ሁለት መስመሮች ሊኖሩ ይችላሉ፤ አንደኛው ዳታቤዙ የሚከፈትበት፣ ሁለተኛው ምስጢራዊ መረጃ የሚመሰጠርበት ነው። የመጀመሪያውን ለመለወጥ የታሰበ ስክሪፕት ቃሉን ብቻ ከፈለገ ሁለቱንም ይለውጣል። የመጀመሪያው ለውጥ የተፈለገ ነው፤ ሁለተኛው ግን ቀደም ሲል ተመስጥሮ የተቀመጠውን መረጃ መልሶ እንዳይነበብ ያደርጋል። ስክሪፕቱ ምንም ስሕተት ሳያሳይ ሥራውን ስለሚጨርስ ጉዳቱ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው።

ሁለተኛው መንገድ የተሻለ ይመስላል፤ ፋይሉን በተዘጋጀ ላይብረሪ አንብቦ፣ ዋጋውን ለውጦ፣ ሁሉንም እንደገና መጻፍ። ይሁን እንጂ ፓይተን ከራሱ ጋር ይዞት የሚመጣው የማዋቀሪያ ፋይል አንባቢ መልሶ ሲጽፍ በፋይሉ የነበሩትን ማስታወሻዎች በሙሉ ይጥላል። በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት የርስትና የጉልት ስጦታዎች በወንጌል መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ይመዘገቡ እንደነበር ይታወቃል። ወንጌሉን በትክክል ገልብጦ ኅዳጉን የተወ ጸሐፊ ቃሉን አላጎደለም፤ የደብሩን የመሬት ማስረጃ ግን አጥፍቷል። በማዋቀሪያ ፋይል ውስጥም «ይህ ቁጥር ከዚህ በላይ ከሆነ ማሽኑ ማስታወሻ ያጥረዋል» የምትል አንዲት መስመር የቀድሞው ባለሙያ ትቶት የሄደው ብቸኛ ሰነድ ልትሆን ትችላለች።

ያምል በተባለው የፋይል ዓይነትም ተመሳሳይ ችግር አለ። የዚህን ቋንቋ 1.1 እትም የሚከተለው ፓይያምል በጥቅስ ያልተከበበ 12:30 ሲያገኝ ሰዓት ሳይሆን በ60 የሚቆጠር ቁጥር አድርጎ ስለሚወስደው 750 ብሎ ይመልሰዋል። በአማርኛ የተጻፈ የጤና ጣቢያ ስም ሲያገኝም፣ ሌላ ትእዛዝ ካልተሰጠው በቀር፣ እያንዳንዱን ፊደል በዩኒኮድ መለያ ቁጥሩ ተክቶ ይጽፈዋል። ማሽኑ ይህን መልሶ ማንበብ ይችላል፤ ፋይሉን ከፍቶ የሚያየው የወረዳ ባለሙያ ግን የጣቢያውን ስም አያገኘውም። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 መካተቱ ያስገኘው ጥቅም በአንድ ቸልተኛ ስክሪፕት ይባክናል።

ከእነዚህ ሁለት ጉድለቶች መውጫው በቋንቋ ንድፈ ሐሳብ ጥናት ውስጥ ይገኛል። ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ናቲ ፎስተርና ቤንጃሚን ፒርስን ጨምሮ በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች «ሌንስ» የተባለ ጽንሰ ሐሳብ አዳብረዋል። ሌንስ ፋይሉን ማንበቢያውንና መልሶ መጻፊያውን በአንድነት የሚገልጽ መግለጫ ሲሆን ሁለት ሕጎች ያስሩታል። አንደኛ፦ አንብቦ ምንም ሳይለውጥ መልሶ የጻፈ ፋይሉን እንደነበረ ሊተወው ይገባል። ሁለተኛ፦ የጻፈውን መልሶ ሲያነብ የጻፈውን ራሱን ማግኘት አለበት። ማስታወሻ የሚጥለው ላይብረሪና 12:30ን 750 የሚያደርገው አንባቢ የመጀመሪያውን ሕግ ይጥሳሉ። አንድ የይለፍ ቃል ሊለውጥ ገብቶ ሁለቱን የሚለውጠው ስክሪፕት ሁለተኛውን ይጥሳል። የሬድ ሃቱ ዴቪድ ሉተርኮርት የጀመረው ኦጂየስ የተባለ መሣሪያም ይህንኑ ሐሳብ ለሊኑክስ ማዋቀሪያ ፋይሎች አውሎታል፤ ፋይሉን እንደ ዛፍ አድርጎ ያነባል፣ የተፈለገውን ቅርንጫፍ ይለውጣል፣ ማስታወሻውንና ክፍት ቦታውን እንደነበረ ይመልሳል።

በትክክል ማንበብ ግን በትክክል መጻፍን ብቻውን አያረጋግጥም። እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ አዲሱን ኤክስት4 የፋይል ሥርዓት የሞከሩ የሊኑክስ ተጠቃሚዎች ማሽናቸው በድንገት ከቆመ በኋላ ሲያስነሡት የማዋቀሪያ ፋይሎቻቸውን ባዶ ሆነው አግኝተዋቸዋል። ፕሮግራሞቹ አሮጌውን ፋይል ባዶ አድርገው አዲሱን ይጽፉ ነበር፤ አዲሱ ጽሑፍ ዲስኩ ላይ ሳይደርስ ማሽኑ ሲቆም ሁለቱም ጠፉ። መብራት በድንገት በሚጠፋበት ከተማ ይህ የታሪክ ማስታወሻ ብቻ አይደለም። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ አዲሱን ጽሑፍ በዚያው ማውጫ በሌላ ስም መጻፍ፣ ዲስኩ ላይ መድረሱን ማረጋገጥ፣ ከዚያ በአሮጌው ስም መሰየም። ስም መቀየሩ ሳይከፈል በአንድ ጊዜ ስለሚፈጸም የሚያነብ ሁሉ ወይ አሮጌውን ወይ አዲሱን ሙሉ ፋይል ያገኛል። ከመሰየሙ በፊት ግን የፋይሉ የንባብ ፈቃድ መጠበቁ መታየት አለበት፤ የይለፍ ቃል የያዘ ፋይል ሲታደስ በማሽኑ ላይ ላለ ተጠቃሚ ሁሉ ክፍት ሆኖ እንዳይቀር ነው። አዲሱ ጽሑፍ ትክክል መሆኑም አስቀድሞ ይመርመር፤ የሱዱን ማዋቀሪያ ለማረም የሚያገለግለው ቪሱዱ የተሳሳተ አገባብ ሲያገኝ አስጠንቅቆ ፋይሉን ከመተካት የሚቆጠበው ለዚህ ነው።

በዚህ አቋም ላይ የሚነሣው ጠንካራ ተቃውሞ «ፋይሉን ማንበብ ለምን ያስፈልጋል? ሁልጊዜ ከአንድ ቅጽ እንደ አዲስ መጻፍ ይሻላል» የሚል ነው። ማሽኖቹ ሁሉ ከአንድ ማዕከል በሚተዳደሩበትና በእጅ የሚነካቸው ሰው በሌለበት ቦታ ይህ ተቃውሞ ትክክል ነው፤ ከንባብ የሚመጣውን ውስብስብነት ያስቀራል። በወረዳ ግቢ ያለ ማሽን ግን ብዙውን ጊዜ ሁለት ባለቤት አለው። ማዕከሉ ስክሪፕት ይልካል፤ በቦታው ያለው ባለሙያ ደግሞ ኔትወርኩ ሲደክም የመጠበቂያ ጊዜውን ያረዝማል፣ ማስታወሻው ሲያንስ ቁጥሩን ይቀንሳል። ከቅጽ የተጻፈ ፋይል ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይደመስሳል። የዴቢያን ፖሊሲ ፓኬጅ ሲታደስ የአካባቢው ለውጥ እንዲጠበቅ የሚያዝዘው የማሽኑ ባለቤት ያደረገው ማስተካከያ ምክንያት እንዳለው ስለሚቀበል ነው። ማንበብ ለዚያ ባለሙያ ሥራ የሚሰጥ ክብርም ነው።

ስለዚህ የማዋቀሪያ ፋይልን የሚለውጥ ስክሪፕት ያለበት የድኅረ ምረቃ ሥራ ሁሉ አራት ፈተናዎችን ማለፉን ሊያሳይ ይገባል። ስክሪፕቱ ምንም ለውጥ ሳይታዘዝ ሲሠራ ፋይሉ እስከ ባይት ድረስ እንደነበረ ይቆይ። ሁለት ጊዜ ሲሠራ ውጤቱ አንድ ጊዜ ከሠራው አይለይ። በሥራው መካከል ቢቋረጥ አሮጌው ወይም አዲሱ ፋይል ሙሉ ሆኖ ይገኝ። በአማርኛ የተጻፈ ማስታወሻና ስም የያዘ ፋይል ሲሰጠው ፊደሉ ሳይጎድልና ሳይለወጥ ይመለስ። አራቱንም ለመፈተን ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም፤ አማካሪዎች ሊጠይቋቸው፣ ፈታኞች ሊያስደግሟቸው፣ ተማሪዎችም በአባሪ ሊያቀርቧቸው ይችላሉ።

በአብነት ትምህርት ቤት ሥርዓት ንባብ ከቅኔ ይቀድማል፤ ቅኔ ለመዝረፍ የተነሣ ተማሪም ግሱንና አገባቡን ማወቅ ግዴታው ነው። የጎጃም ቅኔ ቤቶች ይህን ቅደም ተከተል የጠበቁት ያልተነበበ ነገር ሊታረም እንደማይችል ስለሚያውቁ ነው። ሰው በሌለበት በሌሊት ለሚሠራ ስክሪፕትም ከዚህ ያነሰ መስፈርት አይገባውም።