ሰባት ፊደል ይዤ ሽንት ቤት ገባሁ!

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከአንድ የ24 ዓመት ወጣት ነው። መጀመሪያ ሳነበው ሳቅኩ። ስደግመው ግን ሳቄ ጠፋ። እስቲ እናንተም ስሙት።

ልጁና ፍቅረኛው ቅዳሜ ቅዳሜ ማኪያቶ እየጠጡ ስክራብል ይጫወታሉ። ለማታውቁት፦ ከከረጢት ውስጥ ሰባት የእንግሊዝኛ ፊደላት ሳያዩ ይወጣሉ፤ ከነሱ ቃል ተሠርቶ ሰሌዳው ላይ ይደረደራል፤ ብዙ ነጥብ ያገኘ ያሸንፋል። እሷ እንግሊዝኛው ይሆንላታል። እሱ ሁሌ ተሸናፊ። አንድ ቅዳሜ «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብሎ ተነሣና ሰባቱን ፊደላት ስልኩ ላይ ጻፋቸው። ስልኩ ቃሉን ቁልጭ አድርጎ አወጣለት። በቃ! ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ አሸነፈ። ሽንት ቤት መመላለሱም በዛ።

በአራተኛው ቅዳሜ አንድ ግሩም ቃል ደረደረ። «ትርጉሙ ምንድነው?» አለችው። ልጅ ዝም። ስልኩን አየች፣ ፊቱን አየች፣ ገባት። «የዋሸኸኝ በፊደል ብቻ ነው ወይስ ሌላም አለ?» ብላው ተነሥታ ሄደች። ይኸው ሁለት ሳምንት ስልክ አታነሳለትም። «እንግሊዝኛ አለመቻሌን እንዳታውቅብኝ ብዬ ነው፤ ምን ይሻለኛል?» ይላል።

ወንድሜ፣ ያንተን ሽንት ቤት በደንብ አውቀዋለሁ። ተማሪ ሳለሁ አስተማሪያችን አንድ ረጅም የእንግሊዝኛ ቃል ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፉና «ከዚህ ውስጥ ሌሎች ቃላት አውጡ» ይሉን ነበር። እኔ አራት ሳወጣ አጠገቤ ያለችው ልጅ ሃያ ታወጣለች። ከሷ እኮርጅ ነበር። ማርክ እንኳ አልነበረውም እኮ! ደደብ እንዳልባል ብቻ ነው።

ኋላ ነው የገባኝ፤ የጎደለኝ ቃል ብቻ ሳይሆን የአፈላለግ ዘዴም ነበር። በአማርኛ «ሰበረ» ካልክ ሰባራ፣ ስብራት፣ ተሰበረ እያልክ ትቀጥላለህ። ሰ፣ በ እና ረ ድምፃቸው ይለዋወጣል እንጂ ተራቸውን አይለቁም። ስክራብል ላይ ግን ተራ የሚባል ነገር የለም። ኤስ፣ ቲ፣ ኦ እና ፒን ውሰድ። ስቶፕ ብለህ ታቆማለህ፤ ስታገላብጣቸው ፖስት፣ ስፖት፣ ፖትስ፣ ቶፕስ ይወጣሉ። ስድስተኛም አለ፤ እሱን አንተ ፈልገው።

እንግዲህ ዘዴው ይህ ነው። አንደኛ፣ አናባቢዎቹን ማለትም ኤ፣ ኢ፣ አይ፣ ኦ እና ዩን ለብቻ አስቀምጥ። ሁለተኛ፣ የቃል ጅራት ፈልግ፤ አይ-ኤን-ጂ፣ ኢ-ዲ፣ ኢ-አር ወይም ኤስ ካለህ በስተቀኝ ለይተህ በቀሩት ላይ አስብ። ሦስተኛ፣ ፊደሎቹን በክብ ደርድራቸው፤ ዓይንህ ከለመደው መስመር ይወጣል። አራተኛ፣ ባለሁለት ፊደል ቃላትን ሸምድድ። ኪው ደርሳህ ዩ ከሌለህ አትደንግጥ፤ ከአይ ጋር ስትገጥም «ቺ» ትሆናለች፤ ቻይናውያን የሕይወት ኃይል የሚሉት ነው።

ጨዋታውን የፈጠረው አሜሪካዊው አርክቴክት አልፍሬድ ባትስ ራሱ በ1930ዎቹ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ነበር። ጋዜጣ ዘርግቶ የትኛው ፊደል ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ቆጠረ። ለዚህ ነው ከ100ው ጠጠር 12ቱ ኢ ሆነው እያንዳንዳቸው 1 ነጥብ ብቻ የሚያወጡት። ኪው እና ዜድ ግን አንዳንድ ብቻ ስለሆኑ 10፣ 10 ነጥብ አላቸው።

«እንግሊዝኛ አልችልም» ላልከው ደግሞ ይህን ስማ። በ2015 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይኛ ስክራብል የዓለም ሻምፒዮን የሆነው የኒውዚላንዱ ናይጀል ሪቻርድስ ፈረንሳይኛ አይናገርም! ቃላቱን ከመዝገበ ቃላት ሸምድዶ ነው የገባው። ቃል ማውጣትና ቋንቋ ማወቅ ለየቅል ናቸው። ታዲያ አንተ ምን አሳፈረህ?

አሁን ወደ ልጅቷ። ስልክ ካላነሳች አጭር መልእክት ጻፍላት፤ በአማርኛ። «ኮርጄ ነው ያሸነፍኩሽ። በእንግሊዝኛዬ አፍሬ ነው። ይቅርታ።» ሰበብ አትጨምር። «ሌላም አለ?» ብላ የጠየቀችህንም መልስ፤ ከሌለ የለም በል፣ ካለ አሁኑኑ ተናገር። እሷን ያስቀየማት መሸነፏ አይመስለኝም፤ ሦስት ቅዳሜ ፊት ለፊቷ ተቀምጠህ ሌላ ሰው መሆንህ ነው።

ከታረቃችሁ ሁለቱም ስልኮች ጠረጴዛው ላይ ይቀመጡ። የማታውቀውን ቃል ስትደረድር «ምን ማለት ነው?» ብለህ ጠይቃት። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ስልኩን አብራችሁ ክፈቱና ያመለጣችሁን ቃል እዩ። ያኔ ስልኩ መኮረጃ መሆኑ ቀርቶ አስተማሪ ይሆናል። ካልታረቀችህም፣ ቢያንስ የምታጣት እውነቱን ነግረሃት ነው።

የቤት ሥራ ልስጥህ። ኤል፣ አይ፣ ኤስ፣ ቲ፣ ኢ፣ ኤን። አንዱ ቃል «አዳምጥ» ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ልጅቷ ሁለት ሳምንት ሙሉ የሆነችውን ይናገራል። ስልክ ሳትነካ አውጣው።

ሳምንት ያገናኘን!