ከጦር ካምፕ ወደ መኖሪያ ሰፈር፦ የቮባን የመኪና ማቆሚያ ስሌት

በደቡብ ምዕራብ ጀርመን በምትገኘው ፍራይቡርግ ከተማ ያለው የቮባን ሰፈር ስያሜውን ያገኘው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረ ፈረንሳዊ የምሽግ መሐንዲስ ነው። ቦታው በ1930ዎቹ ለጀርመን ጦር በካምፕነት ተሠርቶ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፈረንሳይ ወታደሮች ከአርባ ዓመታት በላይ ሰፍረውበታል። የቀዝቃዛው ጦርነት አብቅቶ ወታደሮቹ እ.ኤ.አ. በ1992 ሲወጡ፣ ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋ መሬት በአንድ ጊዜ ለከተማዋ ክፍት ሆነ።

ከመሬቱ ስፋት ይልቅ ወሳኙ ነገር ባለቤትነቱ ነበር። የከተማው አስተዳደር አብዛኛውን ቦታ ከፌዴራል መንግሥቱ ከገዛ በኋላ፣ ለአንድ ትልቅ ኩባንያ በጅምላ አላስተላለፈውም። በትናንሹ ሸንሽኖ፣ ቤታቸውን በጋራ ለመሥራት ለተደራጁ ቤተሰቦች ጭምር ሸጠው። አሠራሩ በኢትዮጵያ ከሚታወቁት የቤት ሠሪ ማኅበራት ጋር ይቀራረባል። ፎረም ቮባን የተባለው የነዋሪዎች ስብስብም በዕቅዱ ላይ ድምፅ ነበረው።

ሰፈሩን ለየት ያደረገው ግን የመኪና ማቆሚያ ጉዳይ ነው። የግዛቲቱ የግንባታ ሕግ ለእያንዳንዱ መኖሪያ ቤት ማቆሚያ እንዲዘጋጅ ያስገድድ ነበር። በዚህ አሠራር መኪና የሌለው ቤተሰብ እንኳ የማቆሚያውን ወጪ ከቤቱ ዋጋ ጋር ይከፍላል። ቮባን ሁለቱን ወጪዎች ነጣጠላቸው። መኪና ያለው ሰው በሰፈሩ ዳርቻ ከተሠሩት ባለ ፎቅ ማቆሚያዎች ቦታ ይገዛል፤ ዋጋውም ከ15 ሺህ ዩሮ በላይ ነው። መኪና የሌለው ደግሞ ይህንኑ በጽሑፍ ያረጋግጥና፣ ለዚሁ ለተቋቋመ ማኅበር ከዚያ እጅግ ያነሰ ገንዘብ አንድ ጊዜ ይከፍላል። ማኅበሩ በገንዘቡ ባዶ መሬት በመጠባበቂያነት ይይዛል፤ ወደፊት ማቆሚያ የግድ ቢሆን የሚሠራው በዚያ ላይ ነው። በዚህ ዘዴ ሕጉ ተከበረ፤ ማቆሚያው ግን ሳይሠራ ቀረ።

ሰፈሩ አንዳንዶች እንደሚሉት ፈጽሞ መኪና የማይገባበት አይደለም። በአብዛኞቹ የውስጥ መንገዶች ዕቃ ለማውረድ በእርምጃ ፍጥነት መግባት ይቻላል፤ አቁሞ መሄድ ነው የተከለከለው። ይህ ብቻውን መንገዱን ለልጆች መጫወቻነት በቅቶታል። ከ5 ሺህ በላይ ነዋሪዎች ባሉበት በዚህ ሰፈር፣ የመኪናው ቁጥር ለ1000 ሰው ከ200 በታች ነው።

እገዳው ያለ አማራጭ አይዘልቅም ነበር። ትራም የተባለው የከተማ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2006 ወደ ሰፈሩ መሐል ገባ፤ ከአብዛኞቹ ቤቶች ወደ ፌርማታው የሚወስደው የጥቂት ደቂቃ እግር ጉዞ ነው። ቤቶቹም ለማሞቂያ በዓመት በካሬ ሜትር ከ65 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ እንዳይጠቀሙ ተወስኗል። አርክቴክቱ ሮልፍ ዲሽ የነደፋቸው 59 የፀሐይ ኃይል ቤቶች ደግሞ ከሚጠቀሙት የበለጠ ኃይል ያመነጫሉ።

ያልተፈታው ጥያቄ የአቅም ጉዳይ ነው። ጥቂት የካምፕ ሕንፃዎች ለተማሪዎችና አነስተኛ ኪራይ ለሚሹ ሰዎች መኖሪያ ሆነው ተርፈዋል። ይሁን እንጂ ሰፈሩ በተፈለገ ቁጥር የመሬቱ ዋጋም ወጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2011 በሰፈሩ መግቢያ በጋሪ ቤቶች ይኖሩ የነበሩ ሰዎች፣ ቦታው ለግንባታ በመፈለጉ በፖሊስ ተነሥተዋል።

በባሕረ ሰላጤው አገሮች ተመሳሳይ ሐሳብ የተሞከረው በአቡ ዳቢ ማስዳር ከተማ ነው። በዚያም መኪና በዳርቻ እንዲቆምና ሰው በጠባብና ጥላማ መንገድ እንዲሄድ ታቅዷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ የጀመሩት አሽከርካሪ አልባ ትናንሽ መኪኖች ከተማዋን በሙሉ ያዳርሳሉ ተብሎ ነበር፤ መስመራቸው ግን አጭር ሆኖ ቀርቷል። ቮባን የተማመነው ማንም ከተማ በሚያውቀው ትራምና በብስክሌት ላይ ነው።