ረዳትን የሚበላ ረዳት፦ ከስቶክዌል እስከ ሩዝ ማሳ

በደቡብ ለንደን፣ በላምቤዝ ወረዳ የሚገኘው ስቶክዌል የሩዝ ማሳ የለውም። በከተማዋ ዛፎችና ጓሮዎች ላይ የደረሰው ነገር ግን ሩዝ አምራቾችን ጭምር የሚመለከት ጥያቄ ያስነሳል፦ ተባይ እንዲያጠፋ የታመነ አዳኝ ሌሎች ጠቃሚ ነፍሳትን ሲበላ የሕግ አውጪው ኃላፊነት ምንድን ነው?

ሃርለኩዊን የተባለው ባለነጠብጣብ ጥንዚዛ መገኛው ምሥራቅ እስያ ነው። ክሽክሽን በብዛት ስለሚበላ በአውሮፓ አህጉር ለተባይ መከላከያነት ተሸጠ፤ ተለቀቀም። ወደ ብሪታንያ የገባው ግን ማንም ሳይፈቅድለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በኤሴክስ ከታየ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ለንደንን አዳረሰ። ይህ ጥንዚዛ የሌሎች ጥንዚዛዎችን እንቁላልና እጭም ይበላል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት በብሪታንያ ከተመረመሩ 8 አገር በቀል የጥንዚዛ ዝርያዎች የ7ቱ ስርጭት መቀነሱን አሳይቷል። በከተሞች የተለመደው ባለሁለት ነጠብጣብ ጥንዚዛ ሃርለኩዊን በገባ በ5 ዓመት ውስጥ በ44 በመቶ ቀንሷል።

ከዚህ ተነሥቶ «የተፈጥሮ ጠላቶች እርስ በርስ ስለሚበላሉ መፍትሔው መርጨት ነው» ማለት ከድጡ ወደ ማጡ መሄድ ነው። ፀረ ተባይ ኬሚካል መጤውን ከነባሩ አይለይም፤ የተረፉትንም ነባር ጥንዚዛዎች አብሮ ይፈጃል።

የእስያ የሩዝ ማሳዎች ታሪክ ይህንኑ ያረጋግጣል። በእነዚያ ማሳዎች ሸረሪት የሩዙን ጭማቂ የሚመጠውን ቡናማ ተባይ ያድናል፤ የዚያኑ ተባይ እንቁላል የሚበላውን ትንሽ ነፍሳትም ይበላል። ሆኖም ማሳውን ለጉዳት የዳረገው ይህ መበላላት አልነበረም። ርጭቱ አዳኞቹን ሁሉ ሲገድል ተባዩ ያለ ተቆጣጣሪ ተራባ። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. በ1986 57 ፀረ ተባይ ኬሚካሎች በሩዝ ላይ እንዳይረጩ የከለከለችው በዚህ ምክንያት ነው። በኋላ እዚያው የተካሄደ ምርምር እንዳሳየው፣ ያልተረጨ ማሳ ውስጥ አዳኞች ተባዩ ከመምጣቱ በፊት ብስባሽ በሚመገቡ ጥቃቅን ነፍሳት ይበረክታሉ።

ልዩነቱ ግልጽ ነው። የሩዝ ማሳው አዳኞች ለረጅም ዘመን አብረው የኖሩ ናቸው፤ ሃርለኩዊን ግን ለነባሮቹ ባዕድ ነው። ስለዚህ ሕጉ ሊቆጣጠረው የሚገባው የነፍሳትን መበላላት ሳይሆን የሰውን ውሳኔ ነው።

ከዚህ ሦስት እርምጃዎች ይከተላሉ። አንደኛ፣ ማንኛውም ባዕድ አዳኝ ከመሸጡና ከመለቀቁ በፊት በተባዩ ላይ ብቻ ሳይሆን በነባር ጠቃሚ ነፍሳት ላይ የሚያሳድረው ጉዳት ይፈተሽ። አዳኝ ድንበር ስለማያውቅ ፈቃዱ ጎረቤት አገሮችንም ያማክር። ሁለተኛ፣ የላምቤዝ ምክር ቤትና መሰሎቹ በመናፈሻዎችና በመንገድ ዳር ዛፎች ላይ ፀረ ተባይ ከመርጨት ይታቀቡ፤ ሳማን የመሳሰሉ የነባር ጥንዚዛ መጠለያዎችንም ከጥግ ከጥጉ ያቆዩ። ሦስተኛ፣ ነዋሪዎች ያዩትን ጥንዚዛ የሚያስመዘግቡበት ሥራ ቋሚ በጀት ይኑረው፤ የሃርለኩዊን መስፋፋት የታወቀው በአብዛኛው በዜጎች መረጃ ነውና።

በጣና ዙሪያ በፎገራ ሜዳ ሩዝ ለሚያመርተው ገበሬም ትምህርቱ ይኸው ነው። ባዕድ ረዳት ከመጥራት በፊት በማሳው ያለውን ረዳት ማወቅና መጠበቅ ይቀድማል። አንዴ የተለቀቀ አዳኝ በአዋጅ ተመልሶ አይሰበሰብም።