ጥርባ ስንት ሰው አላት? የሚያውቅ ካለ ይንገረን!

«ሕዝባችን» የማይባልበት ቀን የለም። በሬዲዮው ሕዝባችን፣ በቴሌቪዥኑ ሕዝባችን፣ በስብሰባ አዳራሹ ባነር ላይም ሕዝባችን! ታዲያ አንድ ቀላል ጥያቄ ብናነሣ ማን ይቆጣል? ይህ ሕዝባችን የሚባለው ስንት ነው? ጠዋት ያሰማራቸውን በጎች የማይቆጥር እረኛ ማታ ጅብ ስንቱን እንደ ወሰደበት በምን ያውቃል?

ለጥያቄዬ ጥርባን መርጫለሁ። ጥርባ በአዊ፣ በእነ እንጅባራና በእነ ዳንግላ አገር ያለች ናት። ለምን እሷን? ትልቅ ስላልሆነች ነዋ! ስለ አዲስ አበባ ሕዝብ ብዛት ምሁሩም ካድሬውም ይከራከራል፤ ስለ ጥርባ ግን ማን ተከራክሮ ያውቃል? አንድ መንግሥት ሕዝቡን ማወቅ አለማወቁ የሚፈተነው ደግሞ በዋና ከተማው ሳይሆን እንዲህ ባለችው ቦታ ነው።

ጠየቅኩ። ሥራቸው ይህንን ማወቅ የሆነ ሦስት ሰዎችን በየፊናቸው አነጋገርኩ። (መሥሪያ ቤታቸውንም ስማቸውንም አልጠራም፤ የእንጀራ ጉዳይ ነው።) ሦስት ቁጥር ሰጡኝ። አንዱ ከድሮ ወረቀት ገልብጦ፣ ሁለተኛው «ከላይ የወረደ ነው» ብሎ፣ ሦስተኛው ወደ ጣሪያው አንጋጦ «በግምት» ብሎ! ሦስቱ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ስለማይተዋወቁ እዚህ አምጥቼ አላጣላቸውም። ሰዎቹንም አልወቅስም። ያልተሰጣቸውን ከየት ያምጡት?

የመጨረሻው ቆጠራ

ኢትዮጵያ ሕዝቧን በአገር አቀፍ ደረጃ የቆጠረችው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም.። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄዳል ይላል። «ቢመች» አይልም፤ «በጀት ከተገኘ» አይልም፤ ይካሄዳል ነው የሚለው። አራተኛው ቆጠራ በ2010 ዓ.ም. ይካሄዳል ተባለ፣ ተራዘመ። በ2011 ዓ.ም. ይካሄዳል ተባለ፣ ተራዘመ። ሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው ጸጥታውን ምክንያት አድርገው እንደገና አራዘሙት። ከዚያ ወዲህ ኮሮና መጣ፣ በትግራይ ጦርነት ተነሣ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ እሳቱ ወደ አማራ ክልል ገባ። ቆጠራው ግን ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልመጣም።

ልብ በሉ! በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ማግስት የተወለደ ልጅ ዛሬ ለመምረጥ ዕድሜው ደርሷል። ድምፅ ስጥ ይባላል፤ ግብር ክፈል ይባላል፤ ዝመት ሊባልም ይችላል። ሀገሩ ግን አንድም ቀን ቤቱ መጥታ «አለህ ወይ?» ብላ አልቆጠረችውም።

በ1999ኙ ቆጠራ የአዊ ሕዝብ 982,942 ሆኖ ተመዘገበ። ከዚህ ውስጥ ከተሜ የተባለው 123,014 ነበር፤ ከመቶ 12.5 ያህል ማለት ነው። የዞኑ ስፋት ከ9,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በአማካይ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 107 ሰው ግድም ይደርሳል። ዛሬ በየቢሮው ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው «የ20 ምንትስ ዓ.ም. የሕዝብ ብዛት» የሚባለው ሁሉ ከዚህ ቆጠራ ተነሥቶ በስሌት የተገፋ ትንበያ ነው። ትንበያ ሐሰት ነው አልልም። ትንበያ ግን ያለፈው ጊዜ አካሄድ ወደፊትም ይቀጥላል ብሎ የሚያስብ የዋህ ሒሳብ ነው። በመካከሉ ጦርነት፣ ስደትና መፈናቀል ቢመጣ የሒሳቡ ጥፋት አይደለም፤ አልነገሩትማ!

ደግሞ መነሻው ራሱ ያልተከራከሩበት አልነበረም። የ1999ኙ ውጤት በ2001 ዓ.ም. ለተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ሆኖ ተገኘ። ይህም ይጠበቅ ከነበረው 2.4 ሚሊዮን ያህል ያነሰ ነበር። የክልሉ ሕዝብ በዓመት የሚያድገው በ1.7 ከመቶ ነው ተባለ፤ የሀገሪቱ ደግሞ በ2.6 ከመቶ። 2.4 ሚሊዮን ሰው የት ገባ? ሞተ? ተሰደደ? ወይስ መጀመሪያም አልነበረም? ያኔ ኤችአይቪም፣ ፍልሰትም፣ የወሊድ መቀነስም ምክንያት ሆነው ቀረቡ። ያሳመናቸው ነበሩ፤ ያላሳመናቸውም እስከ ዛሬ አሉ። አዲስ ቆጠራ ቢካሄድ ኖሮ ከሁለት አንዱ ወገን አፉን ይይዝ ነበር። ባለመካሄዱ ግን ጥርጣሬው ራሱ እየተዋለደ በዝቷል። እሱም አልተቆጠረም እንጂ!

አማካይ የሚባል ሀገር የለም

አሁን ወደ መልክዓ ምድሩ እንምጣ። አዊን የማያውቅ ሰው 107 የሚለውን ቁጥር ሰምቶ ሰዉ እንደ ጤፍ እኩል የተበተነ ይመስለዋል። እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ብርዱ ጋቢ ያስደርባል፤ ገብሱ፣ ድንቹ፣ ቀርከሃው የሚያምረው እዚያ ነው፤ የዘንገና ሐይቅም እዚያው አጠገብ ነው። ወደ ጃዊ ሲወርዱ ደግሞ የበለስ ቆላ ነው፤ ሙቀት፣ ወባ፣ ሰሊጥ፣ የስኳር ፕሮጀክቱ የሸንኮራ እርሻ። በደጋው መሬት ጠቦ ወንድም ከወንድሙ በድንበር ይካሰሳል፤ በቆላው ሰፊ መሬት ላይ ሰዉ ተራርቆ ይኖራል። የሁለቱ አማካይ የማንም ኑሮ አይደለም። አንድ እግሩ እሳት ውስጥ፣ አንድ እግሩ በረዶ ውስጥ ያለ ሰው በአማካይ ተመችቶታል እንደ ማለት ነው።

ከዚያም ሰዉ አንድ ቦታ አይቆምም። የፋግታ ለኮማ ገበሬ እህል ይዘራበት በነበረው ማሳ ላይ ዲከረንስ ተከለ፤ ከሰል አክስሎ ከተማ ላከ፤ ብዙ ወጣት በጫኝነትና በአክሳይነት እንጀራ አገኘ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዛፉን በሽታ መታው። ታዲያ በከሰሉ ሥራ የተሰበሰበው ጉልበት አሁን ወዴት ሄደ? በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀለው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ቻግኒ አጠገብ ራንች በሚባለው መጠለያ ሰፍሮ ነበር። ከዚያ ውስጥ የተመለሰው፣ በየዘመዱ የተበተነው፣ በየትንሿ ከተማ ቤት ተከራይቶ የቀረው ስንት ነው? የ1999ኙ ትንበያ ይህን አያውቅም። ለትንበያው መተከልም ሰላም ነው፣ ዲከረንሱም አልታመመም!

ከተማ ማለት ምንድን ነው?

እንደ ጥርባ ላለች ቦታ ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው። በቆጠራው ሕግ አንድ ሰፈር ከተማ የሚባለው 2,000 እና ከዚያ በላይ ነዋሪ ሲኖረው ነው፤ 1,000 ሰው ኖሮት አብዛኛው ከግብርና ውጭ የሚተዳደር ከሆነም ይቆጠርለታል። ሌላ በር ደግሞ አለ። የክልል፣ የዞን ወይም የወረዳ መቀመጫ የሆነ ሁሉ ነዋሪው ቢያንስም ከተማ ነው።

ይህች ሁለተኛዋ በር ናት ጉድ የምታመጣው። በየገጠሩ «ወረዳ ይሰጠን፣ መቀመጫው እኛ ጋ ይሁን» የሚለው ሙግት የስም ፍቅር አይደለም። መቀመጫ ሲመጣ ፍርድ ቤት ይመጣል፣ ፖሊስ ጣቢያ ይመጣል፣ ባንክ ይከተላል፣ የመንግሥት ሠራተኛ ቤት ይከራያል፣ ሻይ ቤቱና ምግብ ቤቱ ደንበኛ ያገኛል፣ መብራቱና ውኃው «ቅድሚያ» የምትባለውን ቃል ያያል። መቀመጫውን ያጣችው ጎረቤት ደግሞ ሰዋ ቢበዛም፣ ገበያዋ ቢደምቅም ገጠር ተብላ ትቀመጣለች። ቁጥር ቢኖር ሙግቱ በቁጥር ያልቅ ነበር። ቁጥር ከሌለ ግን በምን ያልቃል? በዘመድ፣ በደጅ ጥናት፣ በማን ልጅ ማን ቢሮ አለ ነው የሚያልቀው!

የጤናውንም እንይ። በመንግሥት መመዘኛ በገጠር አንድ ጤና ኬላ ለ5,000 ሰው፣ አንድ ጤና ጣቢያ ለ25,000 ሰው ነው። ወረቀቱ 5,000 ሲል በመሬት ላይ ያለው ሰው ሰባትና ስምንት ሺህ ቢሆን መድኃኒቱ ወር ሳይሞላው ያልቃል። «አልቋል» የምትባለዋ እናት ልጇን አዝላ በጭቃ ስትመለስ በዳይዋ ማን እንደሆነ አታውቅም። በዳይዋ አንድ ያልተቆጠረ ቁጥር ነው። በጀቱም እንደዚያው ነው፤ ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ ሲወርድ ቀመሩ ውስጥ የሕዝብ ብዛት አለ። የምርጫ ክልል አከላለልም ያው አንቀጽ 103 እንደሚለው በቆጠራው ውጤት ላይ መመሥረት ይገባዋል። ስለዚህ ቆጠራ የስታቲስቲክስ ባለሙያ ጨዋታ አይደለም፤ የዳቦም የድምፅም ጉዳይ ነው።

«አሁን ይቻላል ወይ?»

«ጦርነት ባለበት፣ መንገድ በተዘጋበት፣ ቆጣሪ ነፍሱን ይዞ በማይወጣበት ጊዜ ቆጠራ ትላለህ? ግማሹ ተቆጥሮ ግማሹ ከሚቀርስ አለመቆጠር አይሻልም ወይ?» የሚለኝ አለ። እውነት አለው። በጠመንጃ መካከል የተሰበሰበ ቁጥር ነገ ሌላ የጠብ ምክንያት ይሆናል። ብሔር በሚጠየቅበት ቅጽ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ወገን «አሳነሱን» ለማለት ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀው። ይሁንና የ2010ሩ ቀጠሮ ሲፈርስ በአዊ መንገድ የዘጋ ጦርነት አልነበረም። በደህናው ቀን ያልሠራ፣ በክፉው ቀን «ቀኑ ክፉ ነው» ቢል ማን ያምነዋል?

ደግሞስ መንግሥት ሲፈልግ መቁጠር አያቅተውም እኮ! የማዳበሪያ ዕዳ ያለበትን ገበሬ በስሙ ያውቀዋል። የመሬት ይዞታ ደብተር አለ፣ የግብር መዝገብ አለ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ ማኅደር አለ፣ ከ2008 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አለ፣ አሁን ደግሞ ፋይዳ መታወቂያ መጥቷል። ለመቀበል ሲሆን ዝርዝር ሞልቷል፤ ለመስጠት ሲሆን «መረጃ የለም»! ዕድሩ እንኳ ማን እንደሞተና ማን እንደቀረ ያውቃል። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባላቱን በአሥር ሺዎች ቆጥሮ ይነግራችኋል። ፈረሰኛው ተቆጥሮ እግረኛው ሳይቆጠር ቀረ ማለት ነው።

የፈረንጁስ ነገር? እንግሊዛዊው ሜጀር ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ዳንግላ ላይ ቆንስላ ሆኖ ተቀምጦ ጣናን ዞሮ፣ ዓባይን ተከትሎ ካርታ አነሣ። ውኃው ስለሚያስፈልጋቸው ውኃውን ለኩ። እኛን የሚያስፈልገን ሰዉ አይደለም ወይ?

ምን ይደረግ? ሦስት ነገር ብቻ እላለሁ። አንደኛ፣ በየቢሮው የሚለጠፈው ቁጥር ትንበያ መሆኑ፣ ከየትኛው ዓመት ቆጠራ እንደተነሣ ከሥሩ በግልጽ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ በየቀበሌው የተበታተኑት መዝገቦች የሰዉ ስም ሳይወጣ በድምር ይገጣጠሙና ለሕዝብ ይፋ ይሁኑ፤ ነዋሪው አይቶ «ይሄ ልክ ነው፣ ይሄ ልክ አይደለም» ይበል። ሦስተኛ፣ ሰላም የወረደ ዕለት የመጀመሪያው ሥራ ቆጠራ ይሁን፤ ቆጠራውም ገዢው ፓርቲም ተቃዋሚውም የሀገር ሽማግሌውም በታዛቢነት የሚቀመጡበት ይሁን። ያለዚያ እንደ 2001 ዓ.ም. ሌላ ሚሊዮን ጠፍቶ ሌላ ሃያ ዓመት ስንፈልግ እንኖራለን።

እስከዚያው ድረስ «ሕዝባችን» የምትሉ ባለሥልጣናት ሆይ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ማይክሮፎኑን ከመጨበጣችሁ በፊት አጠገባችሁ ያለውን ባለሙያ ቀስ ብላችሁ «ጥርባ ስንት ሰው አላት?» በሉት። ወደ ጣሪያው ካንጋጠጠ ንግግሩን ለሌላ ቀን አድርጉት።