ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ ሰው ግዴታ

ክረምቱ አልፎ ሰማዩ በጠራ ጊዜ ከጎንደር ተነሥቶ በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚወጣ ጎብኚ፣ የአገር ልጅም ይሁን የውጭ ሰው፣ የመግቢያውን ዋጋ ከፍሎ ደረሰኙን በመቀበሉ ብቻ ግዴታው የተፈጸመ ከመሰለው እጅግ ተሳስቷል፤ የተፈቀደለት ሊያይ እንጂ ሊያጠፋ አይደለምና።

ይህ ስፍራ በ1962 ዓ.ም. በሕግ ተከልሎ፣ በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲከፈት በመጀመሪያ ከተጻፉት ዐሥራ ሁለት ስፍራዎች አንዱ ለመሆን በቃ፤ በዚያው ጉባኤ ከኢትዮጵያ አብሮት የተመዘገበው የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ነው። ታዲያ በላሊበላ ደጃፍ ጫማውን አውልቆ በፍርሃትና በትሕትና የሚገባው ሰው፣ በፓርኩ ውስጥ ሳንካበር ላይ ውሃ የጠጣበትን ሃይላንድ ከገደሉ አፋፍ ወርውሮ ሲሄድ ኅሊናው የማይወቅሰው ስለ ምንድን ነው? ትውፊት እንደሚነግረን ማኅሌታዊው ቅዱስ ያሬድ የመጨረሻ ዘመኑን በምናኔ ያሳለፈው በእነዚሁ ተራሮች ነውና፣ ስፍራው ለሕዝባችን ባዶ ምድረ በዳ ሆኖ አያውቅም።

በዓለም ላይ ከዚህ ሌላ አገር የሌለው ዋልያ፣ ቀንዱ ለመጠጫ ዋንጫ ሲፈለግ፣ መሰማሪያው በእርሻና በከብት ሲጣበብ ቁጥሩ እየመነመነ ሄዶ፣ ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተርታ ተመዘገበ፤ ከዚያ መዝገብ የተፋቀው ከሃያ ዓመት ድካም በኋላ በ2009 ዓ.ም. ነው። ይህም የተገኘው በነጻ አይደለም። በፓርኩ እምብርት ይኖሩ የነበሩት የግጭ ሰዎች አያት ቅድመ አያቶቻቸው የኖሩበትን፣ አፅማቸውም ያረፈበትን ቀዬ ለቀው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። ካሳ ተከፈለ ቢባልም፣ ርስትን የለቀቀ ሰው ምን እንደ ከፈለ ገበሬ የሆነ ወይም ከገበሬ የተወለደ ሁሉ ያውቀዋል። እነርሱ ለዋልያው ብለው ቤታቸውን ሲለቁ፣ በለቀቁት ሜዳ ላይ ድንኳኑን የሚተክለው እንግዳ የገዛ ቆሻሻውን ተሸክሞ እንዲመለስ ቢጠየቅ ይህን እንደ ሸክም መቁጠሩ የሚያሳፍር ነው።

ከሁሉ የከፋው እሳት ነው። በ2011 ዓ.ም. በበጋው መጨረሻ የጓሳውን ሣርና የአስታውን ቁጥቋጦ የበላው ቃጠሎ፣ የአካባቢው ሕዝብ ቅጠል ይዞ ገደል ለገደል ሲታገለው ሰንብቶ፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤልም ባለሙያዎች እስኪመጡ ድረስ አልበገር ብሎ እንደ ነበር አንባቢያችን ያስታውሳል። ስለዚህ ብርድ ቢበረታም ልብስ መደረብ እንጂ አስታ ሰብሮ ማንደድ፣ የሲጋራ ቁራጭ በደረቅ ሣር ላይ መጣል በፍጹም አይገባም። ለብዙ ዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ አብቦ የሚሞተውን ጅብራ ለፎቶግራፍ ብሎ መስበርም እንዲሁ ነው። ሣር ነጭቶ ለሚያድረው ጭላዳ ዳቦ መወርወር ቸርነት ይመስላል፤ ነገር ግን እንስሳውን ከተፈጥሮው አውጥቶ መንገድ ዳር ለማኝ ያደርገዋል። ውሻ አስከትሎ መውጣት ደግሞ በእብድ ውሻ በሽታ የቀይ ቀበሮን ዘር ለማጥፋት መንገድ መክፈት ነው።

መሪውን፣ ስካውቱንና በቅሎ ነጂውን በተመለከተ ብዙ ማለት አያሻም፤ ዋጋቸውን ሳይከራከሩ መክፈል፣ «አይሆንም» ሲሉም መስማት ነው። ተራራው ለአካባቢው ሰው እንጀራ ካልሆነው፣ እንዲጠብቀው በምን አፍ እንጠይቀዋለን?

የጋዜጣችን አቋም ግልጽ ነው። ጎብኚ በደባርቅ ሲመዘገብ ይዞት የሚገባው ፕላስቲክና ቆርቆሮ አብሮ ይመዝገብ፤ ሲመለስም ያንኑ ቆጥሮ ያስረክብ፤ ያጎደለ ይቀጣ፤ የቅጣቱም ገንዘብ ለጠባቂዎቹ ይዋል። አስጎብኚ ድርጅቶችም ሕጉ እስኪወጣ ሳይጠብቁ፣ ከዚህ ወቅት ጀምሮ ለሚያመጧቸው እንግዶች ሁሉ ይህንኑ ሥርዓት እንዲያደርጉት እንጠይቃለን።