የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ምዝገባና የዲላ ከተማ ገጽታ

ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና በዲላ ከተማ ያልፋል። ዲላ በብዙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የምትታወቀው በዚሁ መንገድ ላይ ባላት ስፍራ፣ በቡና ንግዷና በዩኒቨርሲቲዋ ነው። በውጭ ሀገር ግን ጌዴኦን ያስተዋወቀው የዞኑ መዲና ስም ሳይሆን የይርጋጨፌ ስም ነበር። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትጥር ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር የተፈጠረው ውዝግብ በዓለም መገናኛ ብዙኃን በስፋት ተዘግቧል፤ ጉዳዩ በ1999 ዓ.ም. በስምምነት ሲቋጭም ስሙ ይበልጥ ገነነ።

በ2010 ዓ.ም. የተሰራጨው ምስል ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ነበር። በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ አዋሳኝ አካባቢዎች በተከሰተው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቀዬው ተፈናቀለ። ከመጠለያዎች የተላለፉት ዘገባዎች እውነትን የያዙና የተቸገረውን ወገን ድምፅ ያሰሙ ነበሩ። ይሁን እንጂ መገናኛ ብዙኃን መፈናቀሉን የዘገቡትን ያህል መመለሱንና ማገገሙን አልተከታተሉም፤ አካባቢውን በዜና ብቻ በሚያውቀው ሰው አእምሮ የቀረውም የመጠለያው ምስል ነው።

መስከረም 2016 ዓ.ም. በሪያድ የተካሄደው 45ኛው የዓለም ቅርስ ኮሚቴ ጉባኤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድርን በዓለም ቅርስነት መዘገበ። ዲላ አዲስ ከተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የማዕከል ከተሞች አንዷ የሆነችውም በዚያው ሰሞን ነው። የተመዘገበው ፍርስራሽ ወይም ሰው የማይኖርበት ፓርክ ሳይሆን ሕዝብ በብዛት ሰፍሮ የሚያርሰው ምድር ነው። በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰት ይተከላል፤ ከእንሰቱ ሥር ደግሞ ቡና ይበቅላል። በጨልባ ቱቲቲ፣ በቱቱ ፈላና በሳካሮ ሶዶ የሚገኙት ትክል ድንጋዮችም የዚሁ ምድር ቅርሶች ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የተመዘገበው መልክዓ ምድሩ እንጂ ከተማዋ አይደለችም። ነገር ግን ቅርሱን ፍለጋ ከአዲስ አበባ የሚመጣው እንግዳ አስቀድሞ የሚያገኘው ዲላን ነው። የጌዴኦ ዘመን መለወጫ ደራሮ በአደባባይ ሲከበርም ካሜራዎች ይመጣሉ፤ በማግስቱ ይመለሳሉ። በቀሩት ቀናት የከተማዋን ስም ይዞ የሚወጣው በማረፊያ ቤት ያደረ እንግዳ፣ ከየወረዳው ጉዳይ ለማስፈጸም የመጣ ባለጉዳይና ቡና ጭኖ የሚያልፍ ሾፌር ነው። መስተንግዶው ከዜናው ጋር ካልተጣጣመ፣ ሚዛን የሚደፋው እንግዳው በዓይኑ ያየው ነው።

ምዝገባው በነዋሪው ላይም ኃላፊነት አለው። እንሰቱና ጥላ ዛፉ ተነቅለው በግንባታ ወይም በሌላ ተክል ከተተኩ፣ መልክዓ ምድሩን ለምዝገባ ያበቃው ነገር አብሮ ይጠፋል። ይህ ለአርሶ አደሩ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ መሬቱ ጠባብ ነው፣ ልጆቹም ቤት መሥራት ይፈልጋሉ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለፈቃድ ማንሳትም ሆነ ይዞታውን መለወጥ ይከለክላል። የቡና ጉድጓድ ሲቆፍር ወይም የቤት መሠረት ሲያወጣ ትክል ድንጋይ ወይም ሌላ ጥንታዊ ዕቃ ያገኘ ሰው ግኝቱን ከነበረበት ሳያንቀሳቅስ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ማሳወቅ ይኖርበታል። ለዚህም በቅርብ የሚገኘውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ይችላል።